ሃርድ ዲስክ፦ ቶሎ ለማግኘት ተፈጥሮ ብዙ ለመያዝ የቀረው ዕቃ

ሰሞኑን የኮምፒውተር ዕቃ ሊገዛ የወጣ ሰው ግራ የሚጋባባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዋጋ ነው። «ጊዜው አልፎበታል፣ መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዘው ኤስኤስዲ ተክቶታል» ሲባል የኖረው ሃርድ ዲስክ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የዳታ ማዕከላት ገበያውን መሻማት ከጀመሩ ወዲህ እንደገና ተፈላጊ ሆኖ ዋጋው ሽቅብ ብሏል። ሁለተኛው የቆየ ጥርጣሬ ነው። ካርቶኑ ላይ 1 ቴራባይት የሚል ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 931 ጊጋባይት ብቻ ያሳያል። ገዢው ተጭበረበርኩ ይላል፤ ሻጩም «ሁሉም እንዲህ ነው» ከማለት ያለፈ ማብራሪያ የለውም።

ከነዚህ ጎን ለጎን ትንንሽ ጥያቄዎችም አሉ። የኮምፒውተሩ ዋና ዲስክ «ኤ» መባል ሲገባው ለምን «ሲ» ተባለ? ከጠረጴዛ የወደቀ ኤክስተርናል (ከውጭ በገመድ የሚሰካ ዲስክ) ለምን ጠቅ ጠቅ እያለ ይሞታል? የሁሉም መልስ ያለው ዲስክ በተፈጠረባቸው የመጀመሪያ 30 ዓመታት ውስጥ ነው። ያኔ ለሌላ ችግር የተወሰዱ ውሳኔዎች ዛሬም ከዕቃው አልለቀቁም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካሴትና ሸክላ

ነገሩን ለመረዳት ሙዚቃ የሚደመጥባቸውን ሁለት የድሮ ዕቃዎች ማስታወስ ይበቃል። ካሴት ላይ አምስተኛውን ዘፈን ለመስማት አራቱን ማሳለፍ ግድ ነው፤ ባትሪ ለመቆጠብ በእስክሪብቶ ያጠነጠነ ሁሉ ያውቀዋል። ሸክላ ግን መርፌውን አንስቶ የተፈለገው ዘፈን ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ስንት ዘፈን መያዛቸው ሳይሆን የተፈለገው ዘፈን የሚገኝበት መንገድ ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ኮምፒውተሮች የካሴት ወገን ነበሩ። መረጃ የሚቀመጠው በተበሳ ካርድ ወይም በማግኔት ቴፕ ላይ ነው። የተለመደው ካርድ 80 ቁምፊ፣ ማለትም 80 ፊደል ወይም ቁጥር ይይዛል። ቴፕ ከካርድ እጅግ የበለጠ ይይዝ ነበር፤ ነገር ግን የተፈለገው መዝገብ መሃሉ ላይ ካለ እስከዚያ ድረስ መጠንጠን ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥራው የሚከናወነው በጅምላ ነበር። የቀኑ ሽያጭና ግዢ ተሰብስቦ በተራ ቁጥር ይደረደራል፣ ሌሊት ከዋናው ቴፕ ጋር ይመሳከራል፣ አዲስ ቴፕ ይጻፋል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ «ከዚህ ዕቃ ስንት ቀርቷችኋል?» ብሎ ለሚደውል ደንበኛ የሚሰጠው መልስ የትናንት ነው።

ይህ የማይመቻቸው ድርጅቶች ካርዶቻቸውን ክዳን በሌላቸው ረጃጅም ገንዳዎች ውስጥ ደርድረው ያስቀምጡ ነበር። ትዕዛዝ ሲመጣ ጸሐፊዎች በገንዳው ዙሪያ እየተዘዋወሩ ተፈላጊውን ካርድ በእጃቸው ይመዙታል፣ ማሽኑ ያነበዋል፣ ከዚያም ወደ ቦታው መመለስ አለበት። አንድ ካርድ ሳይመለስ ቢቀር ወይም በሌላ ቦታ ቢሰካ ዕቃው ከመዝገብ ጠፋ ማለት ነው። ያኔ «የትኛውንም መዝገብ በእኩል ድካም ማግኘት» የሚቻለው በሰው እጅ ብቻ ነበር። በእንግሊዝኛ «ራንደም አክሰስ» የሚባለው ይህ ነው። ቃሉ አንዳንድ ጊዜ «የዘፈቀደ» ተብሎ ሲተረጎም ይሰማል፤ ሐሳቡ ግን በዘፈቀደ ከመሥራት ጋር አይገናኝም። ዘፈን መርጦ መርፌ ማሳረፍ ነው።

ቀለም፣ የወረቀት ኩባያና የሴቶች ስቶኪንግ

የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም በ1952 በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከተማ፣ ኖትር ዳም ጎዳና 99 ቁጥር አንድ አነስተኛ ላቦራቶሪ ከፈተ። ኃላፊ ያደረገው ሬኖልድ ጆንሰንን ነው። ጆንሰን ሚቺጋን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የነበረ፣ በእርሳስ የተጠቆረ የምርጫ መልስ የሚያርም ማሽን ፈልስፎ ወደ ኩባንያው የገባ ሰው ነው። ማትሪክ የተፈተነ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የዚያን ፈጠራ ዘመዶች ያውቃቸዋል። የአሜሪካ አየር ኃይልም በዚያው ሰሞን የዕቃ ግምጃ ቤት ቆጠራን በፍጥነት የሚያቀርብ መሣሪያ እያፈላለገ ነበር። የገንዳው ችግር መፍትሔ ፈላጊው በዝቶ ነበር።

ዲስክ ብቸኛው አማራጭ አልነበረም። በማግኔት የተለበጠ ከበሮ መሳይ ሲሊንደር አስቀድሞ ነበረ፤ ኦስትሪያዊው ጉስታፍ ታውሼክ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ነው። ከበሮ ፈጣን ነው፤ ችግሩ የሚጠቅመው የውጭ ገጹ ብቻ መሆኑ ነው፤ ውስጡ ባዶ አየር ነው። ሳህኖች ተደራርበው በአንድ ዘንግ ላይ ቢሽከረከሩ ግን የእያንዳንዱ ሳህን ሁለት ገጽ ይጻፍበታል። በተመሳሳይ ቦታ ብዙ እጥፍ ገጽ ይገኛል ማለት ነው። የጆንሰን ቡድን ዲስክን የመረጠው በዚህ ሒሳብ ነው።

ሐሳቡ የነርሱ ብቻ ነበር ማለት ግን አይቻልም። በዋሽንግተን የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ባልደረባ የነበረው ጃኮብ ራቢኖ በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዳር ላይ የተቆረጠ ክፍተት ያላቸውን ዲስኮች እንደ ቀለበት ደርድሮ የማንበቢያ ራሱን፣ ማለትም ገጹ ላይ የተጻፈውን የሚያነበውን ጫፍ፣ በክፍተቶቹ ውስጥ የሚያሳልፍ መሣሪያ አሳይቷል። «የዲስክ አባት ማን ነው?» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይነሳል። የመጀመሪያውን ሐሳብ ለሚመዝን የራቢኖ ድርሻ ትልቅ ነው። ደንበኛ ቤት ገብቶ ሥራ የሠራውን ለሚመዝን ግን ከሳን ሆዜ የሚቀድም የለም። በዚህ ጽሑፍ እይታ ሁለተኛው መለኪያ ያመዝናል፤ ምክንያቱም ዲስክን ያስቸገረው ሐሳቡ ሳይሆን አሠራሩ ነው።

አንዱ ችግር ቀለም ነበር። የአሉሚኒየም ሳህኑ መረጃ እንዲይዝ በማግኔትነት ባሕርይ ባለው የብረት ኦክሳይድ፣ በተራ አማርኛ በደቀቀ ዝገት፣ መለበጥ አለበት። ልባጡ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ከሳሳ የተጻፈው ይዛባል። በብሩሽ ተሞከረ፣ በመርጨት ተሞከረ፣ አልሆነም። የሠራው ዘዴ ከወጥ ቤት የመጣ የሚመስል ነው። ቀለሙ በወረቀት ኩባያ ይለካል፣ ጓል እንዳይኖረው በሴቶች የሐር ስቶኪንግ ይጣራል፣ ከዚያ በሚሽከረከረው ሳህን መሃል ላይ ይፈስሳል። መሽከርከሩ ራሱ ቀለሙን ወደ ዳር እየገፋ እኩል ያነጥፈዋል። ቀለሙ የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ ከተቀባበት ጋር ዝምድና እንደነበረው ይነገራል። አካባቢው ዛሬ የሚጠራው በቺፕ መሥሪያው በሲሊከን ስም፣ ሲሊከን ቫሊ (የሲሊከን ሸለቆ) ተብሎ ነው፤ ለሀብቱ ግን ዝገትም የራሱን አዋጥቷል።

ውጤቱ በመስከረም 1956 ይፋ ሆነ። ማሽኑ ራማክ 305 ሲባል፣ በውስጡ ያለው የዲስክ ክፍል አይቢኤም 350 ይባላል። 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ተደርድረው በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ቁምፊ ነው፤ በካርድ ቢሰላ 62,500 ካርድ መሆኑ ነው። በዛሬ መለኪያ 4 ሜጋባይት አይሞላም፤ በስልክ የተነሳ አንድ ጥሩ ፎቶ ይሞላዋል። ክብደቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋ ነበር። ለሥርዓቱ በሙሉ የወር ኪራዩ 3,200 ዶላር ነው።

መዝገብ ሲፈለግ ምን እንደሚሆን በዓይን ይታይ ነበር። ለ50ዎቹ ሳህኖች ያለው የማንበቢያ ክንድ አንድ ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይ ሁለት ራሶች አሉት፣ አንዱ የሳህኑን የላይኛ ገጽ ሌላው የታችኛውን ያነባል። ቁጥሩ ሲሰጠው ክንዱ ካለበት ሳህን ተስቦ ይወጣል፣ በቁመቱ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ይሮጣል፣ ትክክለኛው ሳህን ጋ ሲደርስ ቆሞ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ከ100ዎቹ ክብ መስመሮች አንዱ ላይ ይቆማል። ይህ ሁሉ በአማካይ የሚወስደው ከግማሽ ሰኮንድ ጥቂት በላይ ነው። ለዛሬ ተጠቃሚ ይህ ዘገምተኛ ነው። በገንዳው ዙሪያ ለሚዞረው ጸሐፊና ሌሊቱን ቴፕ ለሚያጠነጥነው ባለሙያ ግን ተአምር ነበር። የሶቪየቱ መሪ ኒኪታ ክሩሽቼቭ በ1959 የሳን ሆዜውን ፋብሪካ ሲጎበኝ ይህንኑ ማሽን አይቷል፤ እንደሚነገረው ከማሽኑ ይልቅ ልቡን የሳበው የሠራተኞቹ ካፍቴሪያ ነበር።

ሳይነኩ ማንበብ

ሸክላን ከዲስክ ጋር ማመሳሰል የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። የሸክላ መርፌ ገጹን ይነካል፣ ስለዚህም ይፍቀዋል። በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚዞር ሳህን ላይ ማንበቢያ ራስ ቢያርፍ ግን ቀለሙን በአፍታ ይልጠዋል። ራሱ ደግሞ ከገጹ ከራቀ መግነጢሳዊው ምልክት እየደከመና እየተበተነ ይመጣል፤ ብዙ መረጃ በጥቂት ቦታ መጻፍ አይቻልም። የዲስክ ታሪክ በአመዛኙ የዚህች ክፍተት ታሪክ ነው። ክፍተቷ በጠበበች ቁጥር መረጃው እየጠበቀ ይጻፋል፣ አደጋውም እየጨመረ ይሄዳል።

ራማክ ላይ ክፍተቱን የሚጠብቀው ከመጭመቂያ የሚመጣ አየር ነበር። አየሩ በማንበቢያው ራስ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች እየወጣ ራሱን ከገጹ 20 ማይክሮ ሜትር ያህል ያርቀዋል፤ የጸጉር ዘለላ ውፍረት ሩብ ገደማ ማለት ነው። መጭመቂያው ግን ትልቅ፣ ጫጫታም ውድም ነበር። ለዚህ ነው ራማክ ለ100 ገጾች አንድ ክንድ ብቻ የነበረው፤ ለእያንዳንዱ ገጽ ራስ ቢሰጥ ለሁሉም የሚበቃ አየር የለም።

መፍትሔው የተገኘው በ1961 ይፋ በሆነው አይቢኤም 1301 ላይ ነው። የሚሽከረከር ሳህን በዙሪያው ያለውን አየር ይዞ ይዞራል። የማንበቢያው ራስ ቅርጽ ተስተካክሎ ከተሠራ፣ ያ አየር ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል፤ ራሱ ያለ መጭመቂያ ይንሳፈፋል። ሳህኑ ሲጎብጥ ራሱም አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ክፍተቱ ወደ 6 ማይክሮ ሜትር ወረደ። መጭመቂያው ሲቀር ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ራስ መስጠት ተቻለ። ክንዶቹ እንደ ሚዶ ጥርስ ተደርድረው በሳህኖቹ መካከል በአንድነት ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ሽቅብ ቁልቁል መሮጥ ቀረ።

ይህ ፍጥነት ያመጣው ለውጥ ከምህንድስና አልፏል። የአሜሪካን አየር መንገድና አይቢኤም የሠሩት ሴበር የተባለው የመቀመጫ ማስያዣ ሥርዓት እንዲህ ባሉ ዲስኮች ላይ የቆመ ነው። ወኪሉ ደንበኛው ስልክ ላይ እያለ «መቀመጫ አለ» ወይም «የለም» ማለት ቻለ። ዛሬ ከኤቲኤም ገንዘብ ሲወጣ ሒሳቡ እዚያው የሚቀነሰውም በዚህ አሠራር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሌሊት ተደምሮ ጠዋት የሚታወቅ ሒሳብ ነው።

አየር የማይሸከመው ነገር ግን አለ፤ እሱም ቆሻሻ ነው። 6 ማይክሮ ሜትር ላይ ለሚንሳፈፍ ራስ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ቋጥኝ ናት። ራሱ ከተደናቀፈ ገጹን ይመታዋል፤ የተላጠው ቀለም ደግሞ አዲስ ቆሻሻ ሆኖ ሌላውን ይመታል። ከእጅ የወደቀ ኤክስተርናል ላይ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ፣ ክንዱ የሚያነበውን አጥቶ ወደ መነሻው እየተመለሰ ደግሞ ደጋግሞ ሲሞክር የሚሰማ ነው። ይህን እያሰሙ ደጋግሞ መሰካት የቀረውንም ገጽ መላጥ መሆኑን መጠቆም ሳይጠቅም አይቀርም።

ከአገልግል ወደ ዊንችስተር

በ1962 የወጣው አይቢኤም 1311 ዲስኩን ከማሽኑ ለየው። ስድስት ሳህኖች አንድ ላይ ታስረው፣ መያዣ ያለው ክዳን ተከድኖባቸው፣ እንደ አገልግል በእጅ ይንጠለጠላሉ። ክብደታቸው 4.5 ኪሎ ያህል፣ የሚይዙት 2 ሚሊዮን ቁምፊ ነበር። አንድ ድርጅት የደመወዝ መዝገቡን አውጥቶ በምትኩ የግምጃ ቤቱን መሰካት ይችላል። የማሽኑ ዋጋ አንድ ሆኖ የሚይዘው ገደብ አጣ።

የዚህ ያልታሰበ ውጤት ፉክክር ነው። ዲስኩ ተነቃይ ከሆነና ማሽኑም በገመድ የሚገናኝ ከሆነ፣ ሌላ ኩባንያ የሚገጥም ዕቃ በርካሽ ሊሠራ ይችላል። ሜሞሬክስን የመሰሉ ድርጅቶች ገቡበት። በታኅሣሥ 1967 ከሳን ሆዜው ላቦራቶሪ 12 ባለሙያዎች በአንድ ላይ ለቀው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የአይቢኤም መሐንዲስ የነበረው አላን ሹጋርት ወደ ሜሞሬክስ ሄደ፤ ስሙ ከዚህ በታች ደጋግሞ ይነሳል። ሙያው ከአንድ ኩባንያ ወጥቶ በሸለቆው የተዘራው በነዚህ ሰዎች እግር ነው።

ተነቃይ ዲስክ ግን በየቀኑ ለአቧራ ይከፈታል። ክፍተቱን ይበልጥ ማጥበብ ከተፈለገ ዲስኩም የማንበቢያው ራስም አንድ ላይ መታሸግ ነበረባቸው። በ1973 የወጣው አይቢኤም 3340 ይህን አደረገ። ራሶቹ ቀላል ሆኑ፤ ሳህኑ በቅባት ተለሰነ። ከዚያ በፊት ራስ ገጹን ነካ ማለት አደጋ ነበር። በዚህ ዲስክ ግን ማሽኑ ሲጠፋ ራሱ ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ ያርፋል፣ ሲበራ ይነሳል። ክፍተቱም ግማሽ ማይክሮ ሜትር የማይሞላ ሆነ።

ስሙም የሚያስገርም ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ እያንዳንዳቸው 30 ሜጋባይት የሚይዙ ሁለት ክፍሎች ስለነበር መሐንዲሶቹ «ሠላሳ ሠላሳ» ይሉት ነበር። በዚያ ቁጥር የሚታወቅ ጥይት አለ፤ የሚተኮሰውም በዊንችስተር ጠመንጃ ነው። የሥራው መሪ ኬኔት ሆተን ከዚህ ተነስቶ ዲስኩን ዊንችስተር አለው። እኛ ምንሽርና ዲሞትፈር እንደምንለው ሁሉ ለአሜሪካውያን የተለመደ የጠመንጃ ስም ነው። ቃሉ በራሽያኛ ለማንኛውም ሃርድ ዲስክ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ በሶቪየት ዘመን እዚያ የተማሩ ባለሙያዎቻችን ሰምተውት ይሆናል። ዛሬ በየቤቱ ያለው ሃርድ ዲስክ ሁሉ በአሠራር የ1973ቱ ዊንችስተር ልጅ ነው።

ፍሎፒ፣ «ሲ» እና 5 ሜጋባይት

ፍሎፒ የተፈጠረው ለተጠቃሚ አልነበረም። በ1967 አይቢኤም የትልልቅ ማሽኖቹን የመቆጣጠሪያ ትዕዛዝ ሲበሩ የሚጭን፣ ማሻሻያ ሲኖርም ለደንበኛ በፖስታ የሚላክ ርካሽ ነገር ፈለገ። በሹጋርት ሥር ዴቪድ ኖብል የመራው ቡድን የደረሰበት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተጣጣፊ የፕላስቲክ ዲስክ ነው። ራቁቱን ሲሠራ አቧራ አስቸገረው። ስለዚህ በኤንቬሎፕ ከተቱት፤ የኤንቬሎፑን ውስጥ በስስ ጨርቅ ለበጡት፣ ዲስኩ በዞረ ቁጥር ጨርቁ ይወለውለዋል። በ1971 ገበያ የወጣው የሚይዘው 80 ኪሎባይት ያህል ነበር፤ ደንበኛው ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። የሚጻፍበት በ1973 መጣ፤ ወደ 3,000 ካርድ የሚተካ ስለነበር የካርድ ዘመን ማብቂያም ሆነ።

ሹጋርት በዚያው ዓመት የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ድርጅቱ በ1976 ያነሰውን፣ 5.25 ኢንቹን ፍሎፒ በ390 ዶላር አወጣ። የግል ኮምፒውተር የተወለደው በዚህ ላይ ነው። ጃፓናዊው ሶኒ በ1981 ያወጣው ጠንካራ ልባስ ያለው 3.5 ኢንች ዛሬም አልጠፋም፤ ፋይል ስናስቀምጥ የምንጫነው ምልክት የእሱ ሥዕል ነው። የጃፓን መንግሥት ፍሎፒ የሚጠይቁ መመሪያዎቹን ጠርጎ የጨረሰው በ2024 መሆኑን ላየ፣ ነገሩ ሥዕል ብቻ እንዳልነበር ይገባዋል።

«ሲ» የመጣው ከዚህ ነው። ሲፒ ኤም የተባለው የ1970ዎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ዲስኮችን በፊደል ይጠራ ነበር። ይህንን ልማድ የወረሰው፣ በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር የሚነሳው በፍሎፒ ነው፤ ለአንደኛው ፍሎፒ «ኤ»፣ ለሁለተኛው «ቢ» ተሰጠ። በ1983 ኤክስቲ የተባለው ሞዴል 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ የቀረው ተራ ፊደል «ሲ» ነበር። ፍሎፒዎቹ ሄዱ፣ ወንበራቸው ባዶውን ቀረ።

ያንን ሃርድ ዲስክ ያስቻለው ሹጋርትና ፊኒስ ኮነር ያቋቋሙት፣ በኋላ ሲጌት የተባለው ድርጅት በ1980 ያወጣው ዲስክ ነው። መጠኑ ከፍሎፒ ማንበቢያ ጋር እኩል፣ ዋጋው 1,500 ዶላር፣ የሚይዘው 5 ሜጋባይት። ቁጥሩ ከራማክ 5 ሚሊዮን ቁምፊ ጋር መገጣጠሙ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። አንድ ቶን የሚመዝነው በወር በሺዎች የሚከራይ ማሽን በ24 ዓመት ውስጥ በመዳፍ የሚያዝ፣ አንድ ሰው ለራሱ የሚገዛው ዕቃ ሆነ።

የጠፋው 69 ጊጋባይት

እንግዲህ ወደ 931 እንመለስ። የኮምፒውተር ዋና ማስታወሻ፣ ራም፣ ቦታዎቹ የሚጠሩት በሁለትዮሽ ቁጥር ስለሆነ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ 2 በራሱ ደጋግሞ ሲባዛ የሚገኝ ቁጥር ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች 1,024ን «ኪሎ» ማለት ለመዱ፤ ለ1,000 ስለሚቀርብ። ዲስክ ግን እንዲህ ዓይነት ተፈጥሯዊ ቁጥር የለውም። ስንት ሳህን፣ ስንት መስመር፣ በመስመሩ ስንት ቁምፊ የሚለው ከሜካኒኩ የሚመጣ ነው። ራማክ 50 ሳህን፣ በገጽ 100 መስመር ነበረው፤ አቅሙም የተነገረው በተራው የአሥር ቤት ሒሳብ «5 ሚሊዮን» ተብሎ ነው። የዲስክ አምራቾች ልማድ ያኔ የጀመረ እንጂ ሸማች ለማታለል በኋላ የተፈጠረ አይደለም።

1 ቴራባይት በዲስክ አምራቹ አቆጣጠር አንድ ትሪሊዮን ባይት ነው። ዊንዶውስ ይህንኑ ቁጥር ለ1,024 ሦስት ጊዜ ያካፍለዋል፤ 931 ይመጣል። ከዲስኩ የጎደለ ባይት የለም። ልዩነቱ በኪሎባይት ዘመን 2 ከመቶ ገደማ ስለነበር ማንም አላስተዋለውም፤ በጊጋባይት ሲቆጠር ግን 7፣ በቴራባይት ሲቆጠር 9 ከመቶ ደርሷል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በ1998 ለሁለትዮሹ «ኪቢ»፣ «ሜቢ»፣ «ጊቢ» የሚሉ የተለዩ ስሞች አወጣ፤ ሕዝቡ ግን አልተቀበላቸውም። አፕል በ2009 ኮምፒውተሮቹን ወደ አሥር ቤት ሒሳብ አዛወረ፤ ያው ዲስክ እዚያ 1 ቴራባይት ይላል። አሜሪካ ውስጥ ገዢዎች አምራቾችን ከስሰው በስምምነት የተቋጩ ክርክሮችም ነበሩ።

የገዢው ቅሬታ መሠረት የለውም ማለት ግን አይደለም። አምራቹ ትክክል ነው፣ ዊንዶውስም በራሱ ሒሳብ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ ለሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስም መጠቀማቸው ላይ ነው። ከሁሉ የባሰው ምሳሌ የተለመደው 3.5 ኢንች ፍሎፒ ነው። «1.44 ሜጋባይት» የተባለው 1,440 ሲባዛ በ1,024 ባይት ነው። በአሥር ቤት 1.47፣ በሁለትዮሽ 1.41 ይሆናል፤ 1.44 የሚሆንበት ሒሳብ የለም። ሁለቱን ልማድ በአንድ ቁጥር ውስጥ ቀላቅለው ጻፉት።

ጥርጣሬ የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ቴራባይት ተብሎ 931 የሚያሳይ ዲስክ ጤነኛ ነው። በማይታመን ርካሽ ዋጋ የተሸጠ፣ «2 ቴራባይት» ብሎ የሚያሳይ ነገር ግን የተገለበጠበትን ፋይል የሚያበላሽ ፍላሽ ግን የውሸት ቁጥር የተጻፈበት ነው።

ሞቷል ወይስ አልሞተም?

ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ክንድ የለም፣ የሚዞር ሳህን የለም፤ የትኛውም መዝገብ በእኩል ድካም፣ ከሰኮንድ ሺህኛ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይገኛል። ራማክ የተፈጠረበትን ዓላማ ከዲስክ በተሻለ የፈጸመው እርሱ ነው። ሃርድ ዲስክ በአንጻሩ ዛሬም ክንዱን ማንቀሳቀስና ሳህኑ እስኪዞር መጠበቅ አለበት። ይህ ጥበቃ ከራማክ ግማሽ ሰኮንድ ወደ መቶኛ ሰኮንድ ገደማ ቢያጥርም ከዚያ ብዙም ፈቀቅ አላለም። ያደገው ሌላው ነው። ራማክ በአንድ ካሬ ኢንች 2,000 ቢት ይጽፍ ነበር፤ ዛሬ ከትሪሊዮን አልፏል።

ሁለቱ ዕድገቶች ስላልተመጣጠኑ የዲስክ ቦታ ተለወጠ። ቴፕን ከዕለት ሥራ አስወጥቶ ወደ መጋዘን ያሰናበተው ዲስክ፣ ራሱ በኤስኤስዲ ተገፍቶ የቴፕን የቀድሞ ወንበር ይዟል። ከላፕቶፕ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ቪዲዮ፣ ምትኬ ቅጂ፣ የደኅንነት ካሜራ ምስል፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠለጥንበት ክምር መረጃ፣ ማለትም ብዙ ሆኖ አልፎ አልፎ ብቻ የሚነካው ሁሉ፣ በአመዛኙ የሚቀመጠው ዲስክ ላይ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ለአንድ ቴራባይት የሚከፈለው ዋጋ ከኤስኤስዲ በብዙ እጥፍ ያንሳል።

የባለሙያው አስተያየት የሚከፈለው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ወገን የዋጋው ልዩነት እየጠበበ ሄዶ ዲስክ በቅርቡ ከገበያ ይወጣል ይላል። የመብራትና የቦታ ወጪ ሲታሰብ ደግሞ ጊዜው ቅርብ ነው ብሎ ያምናል። ሌላው ወገን ይህ ትንበያ በየጊዜው ሲነገር እንደኖረ ያስታውሳል፤ አምራቾቹም ሳህኑን በሌዘር ለቅጽበት እያሞቁ ይበልጥ አጥብቀው በመጻፍ በአንድ ዲስክ ከ30 ቴራባይት በላይ መያዝ ችለዋል። ለጊዜው ገበያው የሚደግፈው ሁለተኛውን ነው፤ የሞተ ዕቃ አይወደድም።

መወደዱ ግን የቴክኖሎጂ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በሹጋርት ዘመን በደርዘኖች የሚቆጠሩ የነበሩት አምራቾች ዛሬ ሦስት ቀርተዋል፤ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። ዲስክን የፈጠረው አይቢኤም ራሱ በ2003 ሥራውን ለሂታቺ ሸጦ ወጥቷል። ገበያው ሲጠብ ምን እንደሚከተል በ2011 ታይቷል። ታይላንድ በጎርፍ ስትመታ ፋብሪካዎች ሰጥመው የዲስክ ዋጋ በብዙ አገር እጥፍ ሆኖ ነበር። አሁን ፋብሪካዎቹ እየሠሩ ነው፤ የጎደለው ፍላጎቱን የሚያህል አቅም ነው። የዳታ ማዕከል ባለቤቶች ቀድመው በጅምላ ያዝዛሉ፤ አምራቾቹም ዲስክ ተትረፍርፎ ዋጋው የወደቀባቸውን ዓመታት ስላልረሱ አዲስ ፋብሪካ ለመትከል አይጣደፉም። ተራው ገዢ ከሱቅ የሚያገኘው ኤክስተርናል ትልልቆቹ ከወሰዱት የተረፈው ስለሆነ፣ እነርሱ ትዕዛዛቸውን እስኪቀንሱ ወይም አምራቾቹ አቅም እስኪጨምሩ ድረስ ዋጋው በቶሎ ይወርዳል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ለምትኬ ዲስክ የሚያስፈልገው ሰው ቀን ከመጠበቅ ይልቅ የሚበቃውን ልክ ብቻ አስልቶ ቢገዛ ይሻለዋል። ሲገዛም 931ን አይቶ ከሻጩ ጋር አይጣላ።